አያ ፈንታው ያነበቡት ወረቀት

ባለፈው ግንቦት ከወገዳ ገበያ ስመለስ አያ ፈንታውን መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። በቀበሌያችን ጎልማሶችን ፊደል አስተምራለሁ፤ እሳቸው ግን ክፍሌን ረግጠው አያውቁም። ምን በወጣቸው! ገጹን እየገለጡ ዳዊት ሲደግሙ ያየ አገሬው ሁሉ፣ ወረቀት በመጣበት ቁጥር ይዞ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው።

«መምህር፣ መነጽሬን ጥዬ ወጥቼ ነው፤ እስቲ ይቺን እይልኝ» ብለው የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ።

ወረቀቱ የጎረቤታቸው የማንአለሽ ነው። የስምንት ወር እርጉዝ ናት። የሽንት ምርመራ ውጤቷ ዘግይቶ ስለደረሰ ጤና ጣቢያው በገበያተኛ የላከላት ነው። «የደም ግፊቷና የሽንት ውጤቷ አስጊ ስለሆነ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትግባ» ይላል። የተጻፈው ከሦስት ቀን በፊት ነበር።

«ይህን ማን አነበበላት?»

ወረቀቱን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«አያ ፈንታው! ማን አነበበላት?»

«እኔ። ‹ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነይ ይላል› አልኋት። ዛሬ ጧት ፊቷ አብጦ፣ ዓይኔ ተጭበረበረ ስትለኝ ወረቀቱን ተቀብዬ አንተን ልጠብቅ ወጣሁ።»

ወዲያው ለባሏ ለካሣሁን ደወልሁ። ባጃጅ ይዞ ማንአለሽን አሳፍሮ እስኪመጣ ቆመን ስንጠብቅ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ።

«ምነው አልችልም ቢሉ?»

«እንዴት ብዬ! በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም ከቆሎ ተማሪዎቹ ጋር ተቀምጬ ዳዊቱን በጆሮዬ ያዝሁት። ፊደሉን ሳልለይ አባቴ ሞተና ወደ እርሻ ተመለስሁ። ሰው ያነባል ሲለኝ ዝም አልሁ። እንዲህ ስኖር እነሆ ሃምሳ ዓመት ሆነኝ።»

«ታዲያ አሁን ይማሩ።»

«በሰባ ዓመቴ? ለመቃብር ፊደል ምን ይረባኛል?»

«ለማንአለሽ በረባት ነበር! ዳዊትን የያዘ ጭንቅላት ፊደል አይከብደውም። የከበደዎ ‹አላውቅም› ማለቱ ነው።»

ባጃጁ ደርሶ ቆመ። ማንአለሽ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

«አያ ፈንታው፣ ጰራቅሊጦስ ገና አይደል? ምነው እነዚህ አጣደፉኝ?» አለች።

እስከዚህ ድረስ ታምናቸዋለች! ሽማግሌው የባጃጁን ብረት ጨብጠው፣ በባሏና በሾፌሩ ፊት፣

«ማንበብ አልችልም ልጄ። ዋሽቼሽ ነው። ሂጂ፣ ቶሎ ሂጂ!» አሉ።

ማንአለሽ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላገለች። ሐኪሞቹ አንድ ቀን ብትዘገይ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር ብለዋል። አያ ፈንታው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥፋታቸውን ለሕዝቡ ተናገሩ። ሰኞ ክፍሌ ሲመጡ ዘጠኝ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተከትለዋቸው ነበር። ለካ የሚደበቀው ብዙ ኖሯል።

ዛሬ እነዚህ ሰዎች የመድኃኒታቸውን ሰዓት፣ የአረም መርዙን ማስጠንቀቂያ፣ የቀበሌውን ጥሪ ራሳቸው ያነባሉ። አያ ፈንታውም ወረቀት ሲመጣላቸው ቀስ ብለው ፊደል በፊደል ይሄዱበታል። ያልገባቸው ቃል ላይ ሲደርሱ ቀና ይሉና፣

«ይቺን አላውቃትም፤ የሚያውቅ ጥሩልኝ» ይላሉ።