ሻጩ በተቆጣጣሪ ወንበር ከመቀመጡ በፊት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ይህን ንግግር ለመጻፍ ብዕር ያነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ግብዣውን ያሰናዳችሁልኝን ለማመስገን፣ ሁለተኛው ከሰኞ ጀምሮ በምለቀው የተቆጣጣሪነት ወንበር ማን ሊቀመጥ እንደሚገባ ለመናገር። ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ኬኩም ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

በድርጅታችን የቆየ ልማድ አለ፤ አክሲዮን አብዝቶ የሸጠ ይሾማል። ለመሆኑ ጎበዝ ሯጭ ሁሉ ጎበዝ ዳኛ ይሆናልን?

ሊተካኝ የታሰበው «ምላሰ ማር» የምትሉት ወንድማችን ነው። እወደዋለሁ፤ እንኳን ሰው ግድግዳ ያሳምናል። ሆኖም የያዘው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሽያጭ ወኪልነት ፈቃድ ነው። የተቆጣጣሪነት ፈቃድ ሌላ ምድብ ነው፤ የራሱ ፈተና አለው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ፣

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሸጬ ደግሞ ምን ልፈተን?» አለኝ።

«አንተ ደንበኛውን ‹ግዛ› ትለዋለህ፤ ተቆጣጣሪ አንተን ‹ቆይ› ይልሃል። ሥራው ለየቅል ነው።»

«ታዲያ ለራሴ ‹ቆይ› ማለት ያቅተኛል?»

«ምሳ ሰዓት ላይ ስትችል አላየሁህም።»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም። በቅርቡ አንድ ልብስ ሰፊ ለልጃቸው ትምህርት ያኖሩትን ጥሪት በሙሉ በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ሊያውሉት መጥተው ነበር። ምላሰ ማር የግዢ ትዕዛዙን ለፊርማ አመጣልኝ። «ልጅቷ ትምህርት የምትጀምረው መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «በመጪው ዓመት» አለ፤ ድምፁም ዝቅ አለ። ትዕዛዙን የቀደደው ራሱ ነው። ልበ ቀና ነው፤ ነገር ግን ጠያቂ አስፈለገው። ከሰኞ በኋላ ማን ይጠይቀው?

ደግሞም ያለ ተቆጣጣሪነት ፈቃድ አንድ ትዕዛዝ ቢያጸድቅ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የመሸጫ ፈቃዱንም ይነጥቀዋል። የሁለት ልጆች አባት ነው። ሾምነው ብለን ጉሮሮውን እንዝጋበት?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከፊት ረድፍ የተቀመጠችው የሒሳብ ክፍል እኅታችን የተቆጣጣሪነቱን ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች። እርሱ ተፈትኖ እስኪያልፍ እርሷ ትፈርም። ይህን ስነግረው «እሷማ እንኳን እኔን እናቷንም ታስቆማለች» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክርነት አለ?

ባልደረቦቼ፣ ጤና አይለያችሁ። ደንበኞቻችሁ አምነው የሚመጡ፣ ሳይጸጸቱ የሚመለሱ ይሁኑ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ምላሰ ማርም ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ይለፍ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ለዚህ ሐሳቤ እስከ ሐሙስ ድረስ በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። «እናየዋለን» የሚለውን የቃል መልስዎን ለምጄዋለሁ፤ ዓርብ ወንበሩን ሳስረክብ ግን የሚያስፈልገኝ የተረካቢው ስም ሳይሆን ፈቃዱ ነው።