ከጎታው ሥር የምትጮኸው ድመት

ሰው ሳይጠይቅ መፍራት ይቀናዋል። ባለፈው ሰሞን ከዘመሮ በተነሳንበት ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት ሴት በጆንያ ድመት ይዛ ነበር። ድመቷ አንዴም ዝም አላለችም።

«ከሁላችንም ይልቅ እሷ አወራች» አለ ሾፌሩ።

«ወዴት ትወስጃታለሽ፣ ልጄ?» አሉ አጠገቧ ያሉት እናት።

«ጓሳ ሜዳው ላይ ልጥላት ነው፣ እማማ። ባሌ ታሞ ተኝቷል፤ እሷ ደግሞ ከትናንት ወዲህ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። ሞት እየጠራችብኝ ነው።»

«ርቧት እንዳይሆን?»

«ወተት ሰጠኋት፤ አልነካችውም። ከገብሱ ጎታ ሥር ሆና መጮህ ብቻ። በጥፍሯም ትቧጭረዋለች።»

«ወልዳለች?»

«ሆዷ ጎድሏል፤ ልጆቿን ግን አላየንም። ሸለምጥማጥ በልቶባት ይሆናል ብለን ተውነው።»

«ጎታውን መቼ ዘጋሽው?»

«ገብሱን ከጨመርን በኋላ አፉ ክፍት ሰንብቶ ነበር። ትናንት ጠዋት ከድኜ በእበት መረግሁት።»

«ከመክደንሽ በፊት ውስጡን አየሽ?»

ወጣቷ ጆንያውን ወደ ደረቷ ሳበችው። ድመቷ ጮኸች።

«እማማ፣ ልጆቿ እዚያ ውስጥ ታፍነው ሞተው ቢሆንስ?»

«ሳይከፈት ማን ያውቃል። ለባልሽ ደውዪለት።»

«መነሳት አይችልም። ስልኩም እኔ ጋ ነው።»

«እንግዲያው ውረጂ። እሷንም ይዘሻት ሩጪ።»

«ወራጅ አለ» ብላ ጆንያዋን ይዛ ወረደች፤ ወደመጣንበትም ሮጠች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ብርዱ ፊቴን እየመታኝ፣ የድመቷ ጩኸት ርቆ እስኪጠፋ ድረስ መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥሁ።