የስምንተኛው ሺህ ወሬ በጨው ካሚዮን ላይ

በጣሊያን ጊዜ ነው። ጨው የጫነች ካሚዮን ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ስትወጣ እኛ መንገደኞች ከኋላ ጆንያው ላይ ተቀምጠናል። ሾፌሩ ጣሊያን ነው። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቄስና ስልቻ ያቀፈች ሴት ወሬ ጀመሩ።

«ስምንተኛው ሺህ ደረሰ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «ይኼ የመጣብን ሐሳዊ መሲሕ ነው።»

«ማን? ጣሊያኑ?»

«ቤተ ክርስቲያን የሚያቃጥል ሌላ ማን ይሆናል? እንግዲህ የቀረን ጾምና ጸሎት ብቻ ነው።»

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ አባቴ። ሄኖክና ኤልያስ ሳይወርዱ ሐሳዊ መሲሕ ይመጣል እንዴ?»

«ወርደው ይሆናል፤ እኛ አላወቅናቸው ይሆናል።»

«እኔ የማውቀው ይኼኛው በጥይት እንደሚወድቅ ነው። ባለቤቴ ሲጥለው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ኧረ ቀስ በይ! ሾፌሩ ይሰማሻል።»

«ይስማ!»

«ባልሽ ዱር ነው ያለው?»

«አዎ። ይኼ በሶ ለእሱና ለጓደኞቹ ነው።»

«ዓለም እያለፈች ምን ያደክማችኋል፣ ልጄ?»

«የምታልፍ ከሆነም እኛ ቆመን ሳለን ትለፍ፣ አባቴ። የምንንበረከከው ለእግዜር ነው፤ ለጣሊያን አንንበረከክም።»

ካሚዮኗ ዳገቱ ላይ ስታዘግም ሴትዮዋ ዘላ ወረደች። ቄሱ ስልቻዋን አቀበሏት፤ ከዚያም የስንቃቸውን ዳቦ ከከረጢታቸው አወጡና «ይኼንንም ጨምሪላቸው» አሏት።

እኔም ሴትዮዋ ቁልቁለቱን ይዛ እስክትሰወር ድረስ፣ ሾፌሩ በኋላው መስኮት እንዳያያት ጋቢዬን ዘርግቼ ከለልኩበት።