በደረቁ ወንዝ ከተነቀሉ ተክሎች ጋር ስለተገኘው ወጣት

ስም፦ በምስክሯ ጥያቄ ከዚህ ቅጂ የወጣ
ዕድሜ፦ 23 ዓመት
ሥራ፦ የእጽዋት ጥበቃ ተለማማጅ
አድራሻ፦ የበረሃው ፓርክ የሠራተኞች መኖሪያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ የካቲት 14

ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ በፓርኩ በተለማማጅነት እሠራለሁ። ሥራዬ ችግኝ ማጠጣት፣ መጤ አረም መንቀልና አውሬ የሚግጣቸውን ተክሎች በሽቦ ማጠር ነው። አብረውኝ የሚሠሩት የፓርኩ ጥበቃ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ከጋሼ ጋር በፒክአፕ ወደ ድንጋያማው ኮረብታ ወጣን። እዚያ ያለው ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ክንድ ያህል ለመድረስ የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል። ስንደርስ ከነሥሩ ተነቅሎ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ለጌጥ ተክል ነጋዴዎች የሚሸጡ ሌቦች በተደጋጋሚ ያደረሱብን በመሆኑ ለመናደድ እንኳ አቅም አጣሁና ቁጭ አልኩ። ጋሼ "ተነሽ ልጄ፣ የጎማው ዱካ ገና አልጠፋም" አሉኝ።

ዱካውን ተከትለን ደረቁ ወንዝ ዘንድ ስንደርስ አንድ ወጣት በድንጋይ ጥላ ሥር ወድቆ አየሁ። አጠገቡ ተክል የሞላባቸው ጆንያዎች ነበሩ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ምላሱ አልታዘዝ ብሎት ነበር። መኪናቸው አሸዋ ውስጥ ሲቀረቀር አብረውት የመጡት ሰዎች ጭነቱን አራግፈው መኪናውን ካወጡ በኋላ፣ እሱን ጠባቂ አድርገው "እንመለሳለን" ብለው እንደሄዱና በዚያው እንደቀሩ በኋላ ነግሮኛል።

ጋሼ ፊቱን ሲያዩ ክው አሉ። "የእህቴ ልጅ ነው" አሉ። ለችግኞቹ ከያዝነው ጀሪካን በክዳኑ እየቀዳሁ ጥቂት በጥቂት አጠጣሁት።

ተክሎቹ ሥራቸው ሳይደርቅ ችግኝ ጣቢያ መድረስ ነበረባቸው። ክሊኒኩ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ጋሼን ምን እንደሚሻል ብጠይቃቸው "እኔን አትጠይቂኝ፤ የሥጋ ዘመዴ ነው። አንቺ ወስኚ" አሉ። ወደ ክሊኒኩ እንዲነዱ ነገርኳቸው። ጆንያዎቹን በሸራ ብንሸፍናቸውም ስንደርስ አብዛኞቹን ተክሎች ሙቀቱ ቀቅሏቸው ነበር። ወጣቱ ግን ግሉኮስ ተሰክቶለት ነፍስ ዘራ።

በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ጋሼ "ፖሊስ ሲጠይቅሽ ምንም ሳትቀንሺ ተናገሪ" አሉኝ። "ይታሰራል እኮ ጋሼ" አልኳቸው። "አውቃለሁ። እኔ ልናገር ብል አፌ ይተሳሰራል። ለእናቱ መንገሩ ግን የኔ ፈንታ ነው" አሉ። ከዚያ በእግራቸው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው፤ እንደዚያ ጎብጠው አይቻቸው አላውቅም።

የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ፣ ልጁን በረሃ ላይ ጥለውት የሄዱት ሰዎችም እንዲፈለጉልን ከማለት በቀር እንደሌለኝ ተናግሬአለሁ።

በጣም ደክሞኛል፤ ሆኖም ቃሌን የሰጠሁት በሙሉ አእምሮዬ፣ ያለማንም ግፊት ነው። ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ ያየሁትና የሰማሁት እውነት ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________