ከበሩ በስተግራ የበቀለው ሣር

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። ሾፌራችን፣ አንተም ሳህንህን አስቀምጠው፤ ማንም አይነካብህም።

በዚህ የጡረታ ሽኝት ላይ ስለ ዳኛዋ ንግግር አድርግ ስባል መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። አለቃችን ግን "ካንተ በላይ የሚያውቃት የለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድን ሰው በቅናት ዓይን ሲከታተል የኖረ ሰው፣ ያንን ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ይቺ አበባ ታቅፋ መሃል ላይ የተቀመጠችው ሴት ወደዚህ መሥሪያ ቤት የመጣች ዕለት፣ ከእሷ በፊት የገባው ማቀዝቀዣዋ ነበር። የደረቁ ሣሮች የሚቀመጡበትን ክፍል ያን ጊዜ ብቻዬን ነበር የያዝኩት። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነበረች። ፀሐይ ይገባል፣ የግቢው በር ወለል ብሎ ይታያል፣ ማን አርፍዶ እንደገባ ሳልነሳ አውቃለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዎች ቁም ሣጥን የሚያህል ማቀዝቀዣ ተሸክመው መጡ። በበሩ አልገባ አለ፣ በሩ ተነቀለ። ከዚያ ሶኬት ተፈለገ። በክፍሉ ያለችው አንዲት ሶኬት ደግሞ ከእኔ ጠረጴዛ ጀርባ ናት። ይቺ ሴት ከሰዎቹ ኋላ ብቅ አለችና ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ "ወንድሜ፣ ይሄ ጠረጴዛ ይነሳል?" አለችኝ። "አይነሳም" አልኳት። ተነሳ። እኔ ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ ቀረሁ፣ መስኮቱን እሷ ወሰደችው። ይሄን መስኮት ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለቤተሰቦቿ ሥራችንን ትንሽ ላስረዳ። እኛ የብርድ አገር ሣሮችን ዝርያ በዝርያ እንለያለን። ውርጭ የሚመታው ተራራ ላይ የሚበቅል ሣር ለመንገደኛ ሁሉም ያው ሣር ነው። እኔ የቅጠሉን ጠርዝ፣ ጸጉሩን፣ የዘሩን ቅርፊት በሌንስ እያየሁ እለየዋለሁ። እሷ ደግሞ ቅጠሉን ትፈጭና ዘረመሉን በማሽን ታነባለች። እኔ "ይመስለኛል" እላለሁ፣ እሷ "ነው" ትላለች። ዳኛዋ የሚለው ስም የወጣላት ለዚህ ነው።

አመሏን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚህ ቤት አዲስ ጫማ የገዛ ሰው "ያምርብሃል" ተብሎ አያውቅም። "ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ከረጢት አመጣሃት?" ነው የሚባለው፤ ያቺን እርጥበት የምትመጠውን ትንሽ ከረጢት። ቅጠሎቿን የምታደርቀው በእኛ ጫማ ነው። አለቃችን በዓመት ሦስት ጫማ የገዙበት ጊዜ ነበር፤ በኋላ ስንሰማ ለሥራው ሲሉ ነው አሉ። ምሳ ዕቃዋ ላይ ቀንና ቁጥር ትለጥፋለች። "ዛሬ ይዘንባል?" ብትሏት በመስኮቱ፣ ማለት በእኔ መስኮት፣ ታይና "ያለኝ ማስረጃ አይበቃም" ትላለች።

ቀናሁባት። ምን ይደበቃል? ተራራ ላይ በረዶ ሲወግረኝ የከረምኩት እኔ፣ አፍንጫዬ የተላጠ እኔ፣ ሣሩን በጀርባዬ ተሸክሜ የማወርደው እኔ፤ እሷ ነጭ ጋውኗን ለብሳ በሦስት ሳምንት መልሱን ታወጣለች። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ማሽኗን ከቦ ፎቶ ይነሳል። ወደ እኔ መደርደሪያ ሲደርሱ አለቃችን ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? "ይሄ የድሮው ነው።" እኔ አጠገቡ ቆሜ!

ቤቴ ስገባም አላረፍኩም። ልጄ ያደገችው ከእኔ ጋር ሣር እንዲደርቅ በጋዜጣ መሃል እየጫነች ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምን መረጠች? ዘረመል። እራት ላይ "ዳኛዋ እኮ እንዲህ አለች" ስትለኝ ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖራለሁ።

ቆይ፣ ዋናውን ልናገር። ከተራራው ጫፍ አካባቢ ባመጣኋቸው ሣሮች ላይ አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ ሦስት ዝርያዎች ናቸው ብዬ ነበር። ጸጉራሙ፣ ግራጫውና ለስላሳው እላቸዋለሁ። ጸጉራሙን ከልጄ ለይቼ አላየውም ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዳኛዋ መረመረቻቸው። ለአለቃችን ሳትነግር መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጸጉራሙ ለብቻው ዝርያ አይደለም፣ ራሱ ግራጫው ነው፣ ነፋስ በሚበዛበት በኩል ሲበቅል ጸጉር ያወጣል አለችኝ። ክው አልኩ። ቀጥላም ለስላሳው ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ነው አለች።

"ሦስት ብለህ ነበር፣ ሦስት ናቸው። ድንበሩን ነው የሳትከው" አለችኝ።

"ለስላሳውን ሁለት ነው ብለሽ እንድትጠረጥሪ ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"አንተ ነህ። ታች ያለውና ላይ ያለው የሚያብቡበት ጊዜ በአንድ ወር እንደሚለያይ ማስታወሻህ ላይ ጽፈሃል። ያየኸውን አንተ አላመንከውም። እኔ አመንኩት።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግናል። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። በራሴ ማስታወሻ እኔን መርታት! አራት ወር ሙሉ ሰላምታዬ ከአንገት በላይ ነበር። ከዚያ ደግሞ ዛሬ ድረስ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ሠራሁ። ልጄ እዚህ አለች፤ ትስማ።

ማሽኗ እንደሚሳሳት ላሳያት ፈለግሁ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወጥቼ ከግቢያችን በር አጠገብ፣ ሁላችን የምንረግጠውን ሣር ነቀልኩ። ፖስታ ውስጥ ከተትኩና "ናሙና አርባ አንድ፣ ከተራራው ጫፍ፣ ከድንጋይ ሥር" ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩበት። ከቀሩት ናሙናዎች ጋር ቀላቅዬ ሰጠኋት።

የሙያ ባልደረቦቼ አሁን ለምን ፊታቸውን እንዳጨማደዱ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። እኛ ቤት ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም። አንዴ የውሸት ቦታ የጻፈ ሰው፣ የቀሩትን ሺህ ወረቀቶቹን ማን ያምነዋል? ያ ነገር ቢወጣ አሥራ አራቱም ዓመት ገደል ገብቶ ነበር። ይሄን ያሰብኩት ደግሞ ፖስታውን ከሰጠኋት በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ስገባ ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ውጤቱ ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦ "የግቢያችን ሣር። ከበሩ በስተግራ።"

ውሃ ሆንኩ። የግቢ ሣር መሆኑን ዘረመሉ ይንገራት፤ ግራና ቀኙንስ? ይቺ ሴት የማታውቀው ነገር የለም ብዬ ደመደምኩ። መዝገቡን ከፍቼ ስፈልግ ከአርባ በቀጥታ ወደ አርባ ሁለት አልፋለች። አርባ አንድን አልመዘገበችውም። ቁጥር መዝለል ነውር ነው የምትል ሴት፣ ለእኔ ስትል ዘለለች። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ሳትተነፍስ አሥራ አንድ ዓመት "እንደምን አደርክ" አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ዕቃዋን ስታስር ልቤ አልችል አለ። "ግራና ቀኙን በምን አወቅሽው?" አልኳት። ካርቶኑ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ በጣቷ መስኮቱን አሳየችኝ።

"በርከክ ብለህ ስትነቅል እያየሁህ ምሳዬን በላሁ" አለችኝ።

"እና ሳትመረምሪው ነው የመለስሽልኝ?"

"መረመርኩት እንጂ" አለች፤ "ካንተ የመጣ ናሙና ሳይመረመር አያልፍም።"

እህቴ፣ ይሄውልሽ፣ ብቻችንን ስንሆን ልለው ያልቻልኩትን በሰው ፊት ልበለው። አመሰግናለሁ። ሥራዬን ስላፈረስሽብኝና ስላቆምሽልኝ አመሰግናለሁ። ስሜን በእጅሽ ይዘሽ ስላልጣልሽው አመሰግናለሁ። ልጄ ካንቺ ትማር፣ ግድ የለም፤ የቀናሁት መማር የሚገባት ካንቺ እንደሆነ ስላመንኩ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የምቀናበት ሰው የለኝም፣ ይሄም ራሱ ያስቀናኛል፤ አንቺ እኮ ጠዋት እንደ ልብሽ ልትተኚ ነው።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ለዳኛችን። ዓይንሽ አይድከም፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ የምትወጃቸው ሁሉ በዙሪያሽ ይሁኑልሽ፣ ጫማ የሚገዛ ሰውም ከቤትሽ አይጥፋ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ መለስኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ቦታ ነው። ተቀመጥኩና በሩን ሳየው ቆየሁ፤ አንቺ እንደማትገቢበት ሳስበው ደስ አላለኝም። ተነስቼ ወደ አትክልተኛው ሄድኩና ከበሩ በስተግራ ያለውን ሣር እንዳያጭደው ነገርኩት። ልትጠይቂን ስትመጪ እዚያ ጋ ትንሽ ቁሚ። እኔ በመስኮቱ አይሻለሁ።