ፊኛው ከፈነዳም በኋላ፦ የጋሽ ለዛሬ ዜና ሕይወት

ይህን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ወንድማችን በአልጋ ላይ ሳሉ የመጠጡን ነገር አንዲት ሳላስቀር እንድናገር አዝዘውኝ፣ አሽሞንሙኜ ካለፍኩት ከሣጥኑ ተነሥተው ራሳቸው እንደሚያነቡት አስጠንቅቀውኛልና፣ የምትሰሙት ሁሉ በእርሳቸው ፈቃድ የሚነገር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ወንድማችን ከጫማ ሠሪው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢዘልቁም፣ ከሒሳብ ጋር ዓይንና ናጫ ስለ ነበሩ ደብተራቸውን አጥፈው በአጎታችን ፀጉር ቤት ሥራ ጀመሩ። አጎታችን ሙያ የሚያስተምሩት በራሳቸው መንገድ ነበር፤ በተነፋ የልጆች ፊኛ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው በምላጭ ያስላጩ ነበርና፣ አረፋውን ጠርጎ ፊኛውን ሳያፈነዳ የማይመልስ ተማሪ የደንበኛ ጉንጭ አጠገብ ዝር አይልም። ወንድማችን ይህን ፈተና እስኪያልፉ ድረስ በፍንዳታው የተነሣ የጎረቤት ሕፃናት እንቅልፍ አጥተው እንደ ነበር እናታችን ሲያወሱ ይስቁ ነበር።

ሙያው እጃቸው ከገባ በኋላ የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፍተው፣ ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር በትዳር ተጣምረው ሴትና ወንድ ልጅ አፈሩ። ከሥራ መልስ ከጓደኛ ጋር አንድ ሁለት ማለት የጀመሩትም በዚያው ሰሞን ሲሆን፣ ነገሩ እያደር ሥር ሰድዶ ጠዋት ሳይቀምሱ እጃቸው የማይረጋ ሆነ፤ በመጨረሻም የተላጨ ሰው አንገት የሚታበስበትን አልኮል ሳይቀር በውኃ በጥብጠው ጠጡት። ባለቤታቸው ቢመክሩ፣ ቢለምኑ፣ ቢያለቅሱ አልሆን ስላላቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እናታቸው ቤት ሄዱ።

አንድ ጠዋት የአንድ የትምህርት ቤት ዘበኛን ጢም ሲላጩ ምላጩ አዳልጧቸው ሰውየውን ጆሯቸው ሥር አደሟቸው። ዘበኛው ይጮኹ ይሆናል ሲባል፣ ፎጣውን ቁስላቸው ላይ እንደ ያዙ፣ እርሳቸውም በዚያው የመጠጥ መንገድ አልፈው እንደ ተመለሱና ሐሙስ ሐሙስ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ መሰሎቻቸው የሚሰበሰቡበት ቦታ እንዳለ ነግረው ወንድማችንን ክንዳቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ወንድማችን ከዚያ ሆስፒታል ገቡ፤ ታክመው ወጡ፤ ሐሙስንም ያዙ። ባለቤታቸው ግን ነርስ ናቸውና በአንድ ጊዜ የሚታለሉ ሰው አልነበሩም፤ ወደ ቤታቸው የተመለሱት ዓመት አልፎ፣ ዓይተው፣ መርምረው ነው።

ከዚያ ወዲያ ወንድማችን በየማለዳው ፀጉር ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት መስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ፣ አንድ ፊኛ ይላጩ ነበር። ለመጠጥ የጋበዛቸውን ሁሉ ለዛሬ ይቅርብኝ ይሉት ነበር፤ ነገስ የሚል ነገረኛ ሲገጥማቸው ደግሞ ነገ ሲመጣ ነገን ራሱን እንጠይቀዋለን ብለው ያሰናብቱታል። ጋሽ ለዛሬ የተባሉትም በዚህ ነው። ከቶ አልወደቁም አልላችሁም፤ እናታችን ባረፉ ሰሞን ጠጥተው ነበር። ሆኖም በመጣው ሐሙስ በሰው ፊት ቆመው ተናግረው፣ እንደ አዲስ ሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። የሐሙሱንም ስብሰባ ቦታ ባጣ ጊዜ ወደ ፀጉር ቤታቸው አዛወሩት።

ሃያ ዓመት የሚያህል እንዲህ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ፊኛው ፈነዳ። በማግስቱም ፈነዳ። መንደሩ ያን ፊኛ የመጠጣታቸውና ያለመጠጣታቸው ማረጋገጫ አድርጎት ኖሮ፣ ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ለዛሬ ተመለሱበት የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ገባ፤ ደንበኛም አንድ በአንድ ቀረ። ሐኪሙ መርምረው እጃቸውን የሚያንቀጠቅጠው የነርቭ ሕመም መሆኑን ነገሯቸው፤ ወንድማችንም አንዲት ብርጭቆ ቢጠጡ መንቀጥቀጡ ለጥቂት ሰዓት ጋብ እንደሚልላቸው ከድሮው ያውቁ ነበር። አስተውሉልኝ፤ ቢጠጡ ኖሮ እጃቸው ረግቶ፣ ፊኛው ሳይፈነዳ ተላጭቶ፣ መንደሩ አልጠጡም ብሎ ባመናቸው ነበር። ባይጠጡ ግን፣ ሕመም ነው ቢሉም የሚያምናቸው የለምና፣ ሰካራም ተብለው ሥራቸውን ያጣሉ። እርሳቸው ሰካራም መባሉን መረጡ። ምላጩን ለሴት ልጃቸው አስረክበው፣ ከደንበኛ ወንበር አጠገብ ተቀምጠው ፎጣ ማጠፍ ያዙ፤ ፎጣውም ተንጋዶ ይታጠፍ ነበር፤ ማንም አላቃናባቸውም። እኔ በዚያ ወራት በወንድሜ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም።

ሕመማቸው ጠንቶ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ማለዳ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። ለመጨረሻ ጊዜ የላጨቻቸው ልጃቸው ናት፤ እያለቀሰች ላጨቻቸው፣ እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ አሁን በዕድሜ የገፉትንና ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ዘበኛ፣ እንዲሁም ስማቸውን እንዳልጠራ ያዘዙኝን የሐሙስ ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ በየቀኑ ስትታገል የኖረችውን ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ጽናታቸውን ያድለን።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቀብሩ ሰዓት ለምን በጠዋት ሆነ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ ያዘዙት እርሳቸው ናቸው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ፀጉር ቤቱ እንደ ወትሮው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።