በኢሪባሩ ባሕር ዳርቻ የጥበቃ ሠራተኛን እጅ ስለመያዝ የተሰጠ ቃል

የቃል ሰጪው ስም፦ ማኤዛቶ ሞሪሂዴ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የውኃ ሥራዎች መሐንዲስ
አድራሻ፦ ናሃ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ኒራ ደሴት ፖሊስ ጣቢያ፣ ማርች 31 ቀን 2025፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ኢሬይ ቺናሚ
ጉዳዩ፦ ለመዝናናት በመጡ ሦስት ጎብኚዎችና በሆቴል ጥበቃ ሠራተኛ መካከል የተፈጠረ ግጭት

ስለ ዛሬው ሁኔታ ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ከትናንት በስቲያ ከእናቴ ከማኤዛቶ ቶዮ፣ ዕድሜዋ 82፣ እና ከልጄ ከናዙና፣ ዕድሜዋ 15፣ ጋር ከናሃ ተነስተን ኒራ ደሴት ገባን። እናቴ የተወለደችው በደሴቱ ምዕራብ በነበረው በኢሪባሩ መንደር ነው። መንደሩ ድርቅና አውሎ ነፋስ ተከታትለውበት ባዶ ቀርቷል። ዛሬ ቦታው ላይ ሆቴል ቆሟል። እናቴ ከወጣች ጀምሮ ተመልሳ አታውቅም።

በጨረቃ አቆጣጠር የሦስተኛው ወር ሦስተኛ ቀን ሴቶች ባሕር ወርደው እግራቸውን የሚነክሩበት ቀን ነው፤ ዘንድሮ የዋለው ዛሬ ሰኞ ነው። ናሃም ባሕር አለ፤ እናቴ ግን የሰው ባሕር ነው ትላለች። በየዓመቱ በዚህ ቀን በምንኖርበት ፎቅ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ሳፋ ላይ ጨው በትና፣ የራሷን እግር ቀጥሎም የናዙናን ስትነክር አይቻለሁ። ሐኪሟ ከዚህ ጸደይ በኋላ ጀልባ ላይ እንዳትወጣ ነግሮኛል። እኔ አልነገርኳትም። እሷ ግን በዚያው ሳምንት ናዙናን ኢሪባሩ ይዣት እወርዳለሁ አለች። የመጣነው ለዚህ ነው።

ቅዳሜና እሑድ በኪራይ መኪና ደሴቱን ዞርን። ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ጭቃ ላይ ሰማያዊ ትንንሽ ሸርጣኖች እንደ ሠራዊት ሲተሙ ናዙና ጫማዋን አውልቃ ልትገባ አለች። እናቴ፣ "እግርሽን ለሰኞ አቆዪው" ብላ ከለከለቻት። ምሳ የአሳማ ጎድን ያለበት የኑድል ሾርባ በላን። እናቴ ይህን ሾርባ የሠራው ሰው ቸኩሏል አለች፤ ሳህኗን ግን ጨርሳለች። ማታ ማታ ኢሪባሩ በየት በኩል እንደሆነ ትጠይቀኝ ነበር። አቅጣጫውን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሩዝ፣ የጭቁኝ ቅጠል ያለበት የሩዝ ቂጣና የተጠበሰ የባሕር አረም በሣጥን ይዘን ደረስን። በዚህ ቀን ወንድ አሸዋው ላይ አይወርድም፤ የመንደሩ ደንብ ነው። ስለዚህ እኔ የድንጋይ ግንቡ ላይ ቀረሁ። እናቴና ልጄ ደረጃውን ሲጨርሱ የጥበቃ ሠራተኛው ሳኤኪ አስቆማቸው። ዳርቻው ለሆቴሉ እንግዶች ብቻ ነው፣ ኃላፊው እስኪመጣ ይጠብቁ አለ። የባሕር ዳርቻ የማንም የግል ይዞታ አለመሆኑን ግንቡ ላይ ሆኜ ነገርኩት። እንደሚያውቅ፣ ነገር ግን ታዝዞ እንደሆነ መለሰልኝ። ያናደደኝ ማወቁ ነው።

እናቴ አልተናደደችም። "ልጄ፣ አገርህ የት ነው?" አለችው።

"ሳይታማ ነው እማማ።"

"እዚያ ባሕር አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው አልፈርድብህም" ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። የጭቁኝ ቂጣም ሰጠችው። ቂጣውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ቆሞ በላ። እየበላም ከለከለን። ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

ኃላፊው አልመጣም። ውኃው እስከ ኮራል ድንጋዩ ጫፍ ድረስ ሸሽቶ ነበር። በእናቴ መንደር እግር የሚነከረው ውኃው እየሸሸ ሳለ ነው፤ የሰውን ክፉ ነገር ይዞ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው፣ ሲመለስ ግን የሌላውን ይዞ ይመጣል ይላሉ። ስምንት ሰዓት አካባቢ ሊመለስ ምንም አልቀረውም። እናቴ ይህን ከእኔ ቀድማ አየች። ተነሥታ የናዙናን እጅ ያዘችና ወደ ውኃው መሄድ ጀመረች። አካሄዷ ቀርፋፋ ነው። ሳኤኪ ሮጦ ደረሰባቸውና የናዙናን ትከሻ ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

ከግንቡ ዘልዬ ወረድኩ። ቀኝ እጁን አንጓው ላይ ያዝኩት። ልቀቀኝ ሲለኝ ገና ነው አልኩት። እናቴ ድምፄን ሰምታ ዞረች።

"አንተን ደግሞ ማን ውረድ አለህ?"

"ሂጂ እማዬ፣ ይዤዋለሁ።"

"ከሁለታችሁ አንተ ትብሳለህ" ብላ መንገዷን ቀጠለች።

አልመታሁትም፣ አልሰደብኩትም። እጁን ሲጎትት ይበልጥ አጥብቄአለሁ፤ አብጦ ከሆነ ያሳበጥኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ውኃው ውስጥ ሲቆሙ አየሁ። እናቴ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ውኃ ዘግና የናዙና እግር ላይ አፈሰሰች፤ የሆነ ነገርም ተናገረች። ከነበርኩበት አይሰማም። ያን ጊዜ ለቀቅኩት። ከዚያ በፊት ማንም ቢመጣ አልለቅም ነበር።

ወደዚህ ስንመጣ መኪና ውስጥ ናዙናን አያትሽ ምን አለች ብዬ ጠየቅኳት። "የሴቶች ነገር ነው አባዬ" አለችኝ። እናቴ በመስኮት እያየች ስለነበር ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

ቃሌ ሲነበብልኝ አንድ ቦታ አስተካክያለሁ። በጉዳዩ ርእስ ላይ "ለመዝናናት በመጡ ሦስት ጎብኚዎች" የሚለው ከጥበቃ ሠራተኛው አቤቱታ የተገለበጠ ነው። እናቴንና ልጄን በሚመለከት ተሰርዞ "አገራቸው በገቡ" ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። ምክትል ሳጅኗ የእርስዎንስ ስትለኝ፣ የእኔ እንደነበረ ይቆይ ብያለሁ።

ከዚህ በቀር የተነበበልኝ ሁሉ የተናገርኩት ነው፤ እውነት በመሆኑም ፈርሜበታለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ማኤዛቶ ሞሪሂዴ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ኢሬይ ቺናሚ